ከወሎ ወርዶ የጅቡቲን የባሕር ወፍ በጀልባ ማየት፦ ለአንድ ቀን ውሎ ምን ያስፈልጋል?

ቦርከና ማዶ
ሰላም ለቤቱ። ከኮምቦልቻና ከደሴ የተሰባሰብን ስድስት ሰዎች ነን። ሐይቅና አርዲቦ ላይ የሚውለውን ወፍ ሁላችንም ለይተን እናውቃለን፤ አሁን የፈለግነው ጨው ውሃ ላይ የሚኖረውን ነው። በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርገን ጅቡቲ ገብተን፣ ጀልባ ተከራይተን ሙሉ ቀን ባሕር ላይ ልንውል አስበናል። የትኛው ወር ይሻላል? ምን ዓይነት ጀልባ? ከዳር ምን ያህል መራቅ ያስፈልጋል? የያዝነው ቢኖኩላር 10 በ42 ነው፣ ይሆናል? ሰዋቢ ወይም ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉትን ደሴቶች በአንድ ቀን ደርሶ መመለስስ ይቻላል? ከመካከላችን ሁለቱ መኪና ላይም ያጥወለውላቸዋል። "ሂዱና እዩት" የሚል መልስ አይጠቅመንም፤ ቁጥር ያለበት ነገር ንገሩን።

ጦሳ ስር
ከደሴቶቹ ልጀምር፦ ሰዋቢን ለአንድ ቀን እርሱት። ከጅቡቲ ከተማ በቀጥታ መስመር ወደ 100 ኪ.ሜ. ይርቃል፣ ባብ ኤል መንደብ አፍ ላይ ነው። በ12 ኖት (በሰዓት 22 ኪ.ሜ. ገደማ) በምትሄድ ጀልባ መሄጃው ብቻ አራት ሰዓት ተኩል ይበላል። መመለሻው ደግሞ ከቀትር በኋላ ባሕሩ ከተነሣ ወዲህ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ስትናጡ ውላችሁ ወፉን የምታዩበት ጊዜ አይተርፋችሁም። በዚያ ላይ ቦታው የዓለም መርከብ የሚተላለፍበት ጠባብ በር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ከኦቦክ (ከሰሜኑ የጅቡቲ ወደብ) ወደ የመን ስደተኛ የሚያሻግሩ ጀልባዎችም እዚያው ስለሚመላለሱ ጥበቃው ጥብቅ ነው። ሰው የጫነች ትንሽ ጀልባ ወዲያ ስታቀና ብትታይ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

ደግነቱ ሩቅ መሄድ አያሻም። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከ800 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ቦታ አለው። በብዙ አገር ጥልቅ ውሃ ላይ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይኬዳል፤ እዚህ ግን ሙሻና መስካሊ ደሴቶችን (ከከተማው 15 ኪ.ሜ. ገደማ) አልፋችሁ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ትንሽ ስትገፉ ከሥራችሁ ያለው ውሃ ሌላ ይሆናል። ከከተማው ከ25 እስከ 30 ኪ.ሜ. ይበቃችኋል።

የቀኑ አካሄድ እንዲህ ቢሆን፦ ጎሕ ሲቀድ መነሣት፣ ሙሻን በቀኝ ወይም በግራ እያዩ ማለፍ፣ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ጥልቁ ላይ መድረስ፣ ሞተር አጥፍቶ መንሳፈፍ፣ የወፍ መንጋ ሲታይ መከተል፣ ከስድስት ሰዓት በፊት ፊትን ወደ ደሴቶቹ መመለስ። ምሳችሁን ሙሻ ጥላ ውስጥ ብሉ፤ እዚያ ማንግሮቩ (ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ) ዳር ሪፍ ሄሮን የሚባለውን የባሕር ሳቢሳ ታገኛላችሁ። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ወደብ ግቡ።

ገራዶ
ወሩ ላይ ሁለት ነገር ይጋጭባችኋል። ብዙዎቹ ተርኖች (ሹል ክንፍ ያላቸው ዓሣ አጥማጅ የባሕር ወፎች) እና ሁለቱ የአገሩ ገሎች (ወደብ የማይለዩት የባሕር ወፎች፣ ሱቲና ዋይት አይድ) የሚፈለፍሉት በእኛ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ጅቡቲ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ ካምሲን የሚሉት የምዕራብ ነፋስም አሸዋ ይዞ ይወርዳል። ከደሴ ብርድ ወጥቶ ያ ሙቀት ውስጥ፣ ጥላ በሌለው ጀልባ ላይ ቀን ሙሉ መቀመጥ ለሕይወትም ያሰጋል። ከኅዳር እስከ ጥር አየሩ ሸጋ ነው፣ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ። ዓሣ ነባሪ የሚያህለውን ሻርክ (ዌል ሻርክ) ለማየት ጎብኚ የሚጎርፈውም ያኔ ስለሆነ ጀልባ አይጠፋም፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። ክፋቱ ብራይድልድ ተርንን የመሰሉት ወደ ውቅያኖሱ ሄደዋል፣ የምሥራቁም ነፋስ ይጠነክራል።

እኔ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት አጋማሽ ያለውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም በእኛ ክረምት ከሶማሊያ ጠረፍ የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ሞንሱን ቀዝቃዛውንና ምግብ የበዛበትን የታች ውሃ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ ፔትሬልና ሺርዋተር የሚባሉት፣ ከዳር ርቀው ባሕር ላይ የሚውሉት ወፎች እሱ ላይ ይከማቻሉ። መስከረም ላይ ሞንሱኑ ሲረግብ ይበተናሉ፣ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤም የሚገቡ አሉ። ሁለቱ ነፋሳት የሚቀባበሉበት ጊዜ ስለሆነ ባሕሩም ይረጋጋል። ተርኖቹ ገና ጫጩት አስከትለው ይገኛሉ። እግረ መንገዳችሁን ደግሞ ከየመን ተሻግሮ የሚመጣው ንስርና ጭላት ከራሳችሁ በላይ ሊያልፍ ይችላል።

ነፋሱ ጭራሽ ከሌለም አትደሰቱ። ሺርዋተርና ፔትሬል በነፋስ ነው የሚበሩት፤ ውሃው እንደ መስታወት ሲተኛ እነሱም ውሃው ላይ ይቀመጣሉ፣ ከሩቅ አይታዩም። ከ8 እስከ 12 ኖት ያለው ልኩ ነው። በዓይን ለመለየት፦ ነጭ አረፋ እዚህም እዚያም ብቅ ሲል ከ7 እስከ 10 ኖት ነው፤ አረፋው ባሕሩን ከሞላው ከ11 እስከ 16 ገብቷል ማለት ነውና ለትንሽ ጀልባ ወደ ደሴቶቹ መመለሻው ያኔ ነው።

የባቲ ሰኞ
ሁሉም ስለ ወፉ ብቻ ነው የሚያወራው፤ ቀኑ የሚበላሸው ግን መሬት ላይ ነው።

አንደኛ ሰዓት። ጅቡቲና እኛ የሰዓት ልዩነት የለንም፣ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። ጀልባ ነጂው "ነገ በስድስት" ካላችሁ የእኛ 12 ሰዓት ንጋት ማለቱ ነው። በስድስት ሰዓት ብትሄዱ ነጂው ሌላ ሥራ ይዞ ሄዷል፣ ቀብዱም ሄዷል። "ፀሐይ ስትወጣ" ብላችሁ ቁረጡት።

ሁለተኛ ካሜራ። ጅቡቲ የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጃፓንና የቻይና ጦር ሰፈር ያለበት አገር ነው። ወደብ፣ የጦር መርከብ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ማንሣት ክልክል ነው። እናንተ ደግሞ ትልቅ ሌንስና ቢኖኩላር ይዛችሁ በወደቡ በኩል ነው የምትወጡት። ከወደቡ እስክትርቁ ሁሉም ቦርሳ ውስጥ ይሁን፤ ገሏ የወደቡ ክሬን ላይ ብታርፍም ተዉአት።

ሦስተኛ ጉምሩክ። የኛዎቹ በቢኖኩላር ጉዳይ ጥብቅ ናቸው። ስትወጡ ቢኖኩላሩንና ካሜራውን በመለያ ቁጥሩ አስመዝግባችሁ ወረቀቱን ያዙ፤ አለዚያ ስትመለሱ "ከየት መጣ?" ይመጣል። ድሮን የሚባል ነገር ቤት ይቅር። ቪዛውን አስቀድማችሁ በኢንተርኔት ጨርሱ። ፍራንኩ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ገደማ፤ ስለዚህ "ዛሬ ምንዛሬው ወርዷል" የሚላችሁን አትስሙ።

መንገዱ ከኮምቦልቻ ከ450 ኪ.ሜ. በላይ ነው፣ ጋላፊ ላይ ደግሞ የከባድ መኪናው ሰልፍ አለ። በደረሳችሁ ማግስት ባሕር አትግቡ፤ አንድ ቀን ውሃ እየጠጣችሁ ሰውነታችሁ ሙቀቱን ይልመደው። ያ ቀን ጀልባውን ለማየትም ይጠቅማል። ባቲ ላይ ሽርጥ ግዙ፤ ውሃ ነክሮ አንገት ላይ ማድረጉን አፋሮቹ ያውቁበታል።

ኮምቦልቻ ጋራዥ
ስለ ጀልባው እኔ ልበል። እዚያ የምታገኙት አብዛኛው ከ7 እስከ 9 ሜትር የሚረዝም የፋይበር ጀልባ ነው። ከሁሉ በፊት ሁለት ሞተር ያለው ፈልጉ። አንድ 75 ፈረስ ጉልበት ካለው ይልቅ ሁለት 40 ያለው ይሻላል፤ 30 ኪ.ሜ. ርቃችሁ አንዱ ቢጠፋ ሌላው እያዘገመም ያስገባችኋል።

የነዳጁ ሂሳብ እንዲህ ነው። ባለ ሁለት ምት 40 ፈረስ ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በሰዓት 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ሁለቱን በመካከለኛ ጋዝ ብታስኬዱ በድምሩ 20 ሊትር ያዙ። ዙሩ 80 ኪ.ሜ. ከሆነ በ22 ኪ.ሜ. ፍጥነት አራት ሰዓት የማይሞላ ጉዞ ነው፤ 80 ሊትር። ባሕር ላይ ግን ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለመጠባበቂያ ነውና 120 ሊትር፣ ማለትም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ጀልባው ላይ መኖር አለበት። "መንገድ ላይ እንቀዳለን" የሚል ነጂ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ሞተር ባሕር ላይ የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በነዳጅ ነው። ጀሪካን ግማሽ ሆኖ ሲያድር ውስጡ ጤዛ ይሠራል፣ ውሃው ታች ይተኛል፣ ማዕበል ሲንጠው ወደ ቱቦው ይገባል። ማታውኑ የነዳጅ ማጣሪያው ብርጭቆ ይታይ፤ ከታች የሚንከባለል ጠብታ ካለበት ይደፋ። ዘይቱ 50 ለ1 ነው፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። አንዳንዱ ለጥንቃቄ ብሎ እጥፍ ይጨምራል፤ ያ የሞተሩን ሻማ (ካንዴላ) በጥላሸት ይደፍነዋል፣ በዝግታ ሲሄድ ይጠፋል። ወፍ ስትከተሉ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ነው የምትሄዱት። ትርፍ ሻማና መፍቻ ጀልባው ላይ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ሌላው፦ ላይፍ ጃኬት በሰው ቁጥር፣ ከነማሰሪያው ለብሳችሁ ሞክሩት። ቪኤችኤፍ (የጀልባ መገናኛ) ሬዲዮ፣ የአደጋ ጥሪ በሚሰማበት ቻናል 16 ላይ። ጂፒኤስ። መልሕቅ ከነገመዱ፣ ምንም እንኳ ጥልቁ ላይ ባይደርስ ደሴቶቹ ዳር ያስፈልጋል። እጅ ወይም እግር ላይ የሚታሰረውን የሞተር ማጥፊያ ገመድ ነጂው የማያስር ከሆነ፣ ተንሸራቶ ውሃ ቢገባ ጀልባዋ እናንተን ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች። ጥላ (ሸራ) ደግሞ ግዴታ ነው፣ ግን ዙሪያውን ዕይታ የማይከልል።

ፒያሳ ፋርማሲ
ለሚያጥወለውላቸው። መድኃኒት የሚሠራው ሳይጀምር ነው፤ ካስታወከ ሰው ሆድ ውስጥ ኪኒን አይቆይም። ፕሮሜታዚን 25 ሚ.ግ. ከመነሣት ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ይወሰዳል፣ እንቅልፉ ከባድ ነው። ዳይመንሃይድሪኔት 50 ሚ.ግ. እንዲሁ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይቆያል፣ ይደገማል። ሲናሪዚን ካገኛችሁ 30 ሚ.ግ. ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ ከዚያ 15 ሚ.ግ. በየስምንት ሰዓቱ፤ የእንቅልፉ ነገር ቀለል ይላል። ግላኮማ ያለበት፣ ፕሮስቴት ያስቸገረው፣ እርጉዝ፣ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳይጠይቅ አይውሰድ። አንዱን ብቻ ምረጡ፣ ሁለቱን አታጣምሩ። ደሴ እያላችሁ በእረፍት ቀን አንዴ ሞክሩት፤ ድብን አድርጎ የሚያስተኛችሁ ከሆነ ባሕር ላይ ሳይሆን እዚሁ እወቁት።

ጫትና መድኃኒቱን አታገናኙ። ጫቱ ውሃ ያደርቃል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ባዶ ሆድ ደግሞ ለማጥወልወል ዋናው ነው። ቁርስ ደረቅ ያለ ይሁን፦ ዳቦ፣ ቅቅል ድንች፣ በሶ በውሃ። ክትፎና ጥብስ ማታም አይበላ። ቀን ላይ ዳቦ ቆሎና ብስኩት በየሰዓቱ በትንሽ በትንሹ። ዝንጅብል የሚረዳቸው አሉ፣ አይጎዳም። ውሃ ለአንድ ሰው ከ4 እስከ 5 ሊትር፤ ሕይወት አድን ጨውም (ኦአርኤስ) ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ጦሳ ስር
እህታችን ፋርማሲ ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፦ መቀመጫ። የጀልባዋ ፊት ከፍ ዝቅ የሚለው ከሁሉ ይበልጣል፤ መሃሉና ወደ ኋላ ያለው ያነሰ ነው። ግን ከኋላ የሞተሩ ጭስ አለ፣ ጭሱ ብቻውን ያጥወለውላል። ስለዚህ የሚያማቸውን ሁለቱን መሃል ላይ፣ ነፋሱ በሚመጣበት ጎን አስቀምጧቸው። ዓይን አድማስ ላይ ይሁን። ስልክ ማየት፣ መጽሐፍ ገልብጦ ወፍ መፈለግ፣ አንገት ደፍቶ ካሜራ ውስጥ ፎቶ ማየት፣ እነዚህ ሦስቱ ደህናውንም ሰው ይጥሉታል። መጣብኝ ያለ ሰው ነፋሱ ከጀርባው ሆኖ ወደ ውሃው ያጎንብስ፣ አንድ ሰው ቀበቶውን ይያዝለት።

መነጽረኛው
10 በ42ቱ (የመጀመሪያው ቁጥር አጉሊው፣ ሁለተኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚ.ሜ. ነው) መጥፎ አይደለም፣ ለባሕር ግን 8 በ42 ወይም 7 በ50 ይሻላል። አጉሊው ሲያድግ የእጅና የጀልባ መንቀጥቀጡም አብሮ ያድጋል። ሁለተኛው ምክንያት ከዓይን ማያው የሚወጣው የብርሃን ክብ ነው፤ 42ን ለ10 ስታካፍሉ 4.2 ሚ.ሜ.፣ 50ን ለ7 ግን 7 ሚ.ሜ. ይሆናል። ጀልባ ሲወዛወዝ ሰፊው ክብ ከዓይን ላይ ቶሎ አይጠፋም። ዕይታውም ስለሚሰፋ በራሪዋን ወፍ ውስጡ ለማስገባት ይቀላል። ቴሌስኮፕ ከነሦስት እግሩ ቤት ይቀመጥ፤ ጀልባ ላይ ሸክም ነው።

ከቀዝቃዛ ሆቴል ክፍል በቀጥታ ሲወጣ ሌንሱ ላብ ይለብሳል። ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ አቆዩት። ጨው የነካውን መስታወት በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ፣ የጨዉ ፍሬ ልባሱን ይቧጭረዋል፤ መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ የራሰ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ። በአፍ እፍ ብሎ አደብዝዞ ማጽዳትም ያው መቧጨር ነው።

ካሜራ ላይ፦ 400 ሚ.ሜ. ሌንስ ከበቂ በላይ ነው። የሹተር ፍጥነት 1/2000፣ ክፍተት 5.6 ወይም 8፣ አይኤስኦ በራሱ፣ ተከታታይ ትኩረት። ጥቁር ወፍ በሚያብረቀርቅ ውሃ ላይ ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ ብርሃኑን በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ነጭ ተርን ከሆነ ግን ወደ ዜሮ መልሱት።

አንድ ሌላ፦ ወፍ ለመጠቆም የሰዓት ገበታ ነው የሚሠራው። የጀልባዋ ፊት 12፣ ቀኝ 3፣ ኋላ 6፣ ግራ 9። ገበታው ላይ ያለውን ቁጥር እንጂ የእኛን ሰዓት አትቁጠሩ፤ አንዱ "ስድስት" ሲል ግማሹ ሰው ወደ ፊት ካየ ወፏ ሄደች። ጥሪው አጭር ይሁን፦ "2 ላይ፣ ከአድማስ በታች፣ 150 ሜትር፣ ወደ ግራ!" "ያውና! ያውና!" ማንንም አይረዳም።

ቦርከና ማዶ
አላህ ይስጥልን፣ በጣም ነው የጠቀማችሁን። ሁለት ነገር ቀረን። የዓሣ ዘይትና አንጀት ውሃ ላይ ጥለው ወፍ ይጠራሉ የሚባለው እውነት ነው? ሌላው፣ ሁለቱን ጥቁር ራስ ገሎች እንዴት እንለያቸው?

ሐይቅ ዳር
እውነት ነው። ፔትሬልና ሺርዋተር በማሽተት ምግብ የሚያገኙ ወፎች ናቸው። አሠራሩ፦ ከዓሣ ገበያ 15 ኪሎ ያህል አንጀትና ጭንቅላት ትገዛላችሁ፣ ይፈጫል ወይም ይወቀጣል፣ ማዳበሪያ የሚያህል የሽንኩርት መረብ ከረጢት ውስጥ ከትታችሁ በረዶ ታስደርጋላችሁ። ባሕር ላይ ከጀልባዋ ኋላ ታስሮ ሲንጠለጠል ቀስ እያለ እየቀለጠ ይፈሳል። በላዩ 2 ወይም 3 ሊትር የዓሣ ዘይት በቀጭኑ ይንጠባጠብ። የምግብ ዘይት አይተካውም፣ የዓሣ ሽታ የለውም፣ ውሃውንም በከንቱ ማበላሸት ነው። ገል ለመሳብ ጨው የሌለው ፈንዲሻ ይበቃል፤ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅ ይታያል።

ሰው የሚሳሳተው መመልከቻው ላይ ነው። ሽታው ነፋሱ ወደሚሄድበት ይነዳል፣ ወፏም በዚያው መስመር ነፋሱን እየተጋፋች ወደ ምንጩ ትመጣለች። ስለዚህ ፊታችሁን ነፋሱ ወደሚሄድበት አዙሩ። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት ታገሡ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቆ "የለም" ብሎ ሞተር ማስነሣት ሽታውን ጥሎ መሄድ ነው።

ጦሳ ስር
ሐይቅ ዳር፣ ያልከው ለክፍት ውቅያኖስ ልክ ነው። ታጁራ ላይ ግን ያ ሁሉ አንጀት አብዛኛውን የሚጠራው ገል ነው፣ ገሉን ደግሞ ወደቡ ላይ በነጻ ያዩታል። ተርንና ቡቢ (ከላይ ተወርውሮ ዓሣ የሚይዝ ትልቅ የባሕር ወፍ) ሽታ አይከተሉም። እዚያ የሚያዋጣው መንጋ መፈለግ ነው። ቱና ከታች ሆኖ ትንንሹን ዓሣ ወደ ላይ ሲያባርር ውሃው ይፈላል፣ ተርኖቹ ከላይ ይረግፋሉ። ከሩቅ መጀመሪያ የሚታየው የወፍ ደመና አይደለም፤ አንድ ቡኒ ቡቢ ቀጥ ብላ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትበር ነው። ሁለተኛዋ በዚያው መስመር ካለፈች ተከተሏት።

ስትደርሱ ነጂው መሃሉን ሰንጥቆ መግባት ያምረዋል። እንዳይፈቀድለት። ቱናው ሰምጦ ትንሹ ዓሣ ይበተናል፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ባዶ ውሃ ነው። ነፋሱ በሚመጣበት ጎን ዞራችሁ፣ መንጋው ወደሚሄድበት ቀድማችሁ፣ 100 ሜትር ሲቀር ሞተሩን አጥፉ። ነፋሱ ራሱ ቀስ አድርጎ ወደ እነሱ ይወስዳችኋል። በአንድ መንጋ ውስጥ ብርቱካንማ ምንቃር ያለው ሌሰር ክረስትድ፣ ከሱ የሚገዝፈውና ቢጫ ምንቃር ያለው ስዊፍት ተርን፣ ግራጫ አካል ኖሮት ጉንጩ ላይ ነጭ ሰረዝ ያለበት ዋይት ቺክድ፣ ጀርባው ቡናማ የሆነው ብራይድልድ አንድ ላይ ይገኛሉ። ብራይድልዱ የግንባሩ ነጭ ከዓይን አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ዓይን ላይ ካቆመ ሱቲ ተርን ሊሆን ይችላልና ፎቶ አንሡ። ቡቢዋ አንገቷና ደረቷ ጥቁር ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ነው፤ ድንበሩ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ሐይቅ ዳር
መንጋው ላይ እስማማለሁ ጋሼ። ግን ሺርዋተር ካማራቸው ጥልቁ ላይ ሲንሳፈፉ ከረጢቱ ቢንጠለጠል ምን ይጎዳል? 15 ኪሎው ይበዛል ካላችሁ 5 ኪሎ ያድርጉት። ደሴቶቹ አጠገብ፣ ኮራል ያለበት ቦታ ላይ ግን አይጣል፣ የተጠበቀ ቦታ ነው።

ጦሳ ስር
5 ኪሎ ይሁን፣ እሺ።

ሙጋድ
ገሎቹን እኔ ልመልስ። ሁለቱም ቀይ ባሕርና አካባቢው ላይ የሚኖሩ ናቸው፤ ዋይት አይድ ገል ከቀይ ባሕርና ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ብዙም አይርቅም፣ ሱቲ ገል ግን በፓኪስታን ጠረፍና በምሥራቅ አፍሪካም አለ። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፦ ነጭ ቀለበት ከዓይን ላይ ሱቲም አለው፣ ከታች ያለው ግን የደበዘዘ ነው ወይም የለም። ዋይት አይድ ከላይም ከታችም ወፍራም ነጭ አለው።

ዓይኑን ትታችሁ ምንቃሩን እዩ። ሱቲ ወፍራም፣ ከብዶት ወደ ታች የተንጠለጠለ የሚመስል፣ ሥሩ ቢጫ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ጥቁር ቀለበት፣ ጫፉ ቀይ። ዋይት አይድ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጥቁር ቀይ፣ ጫፉ ጥቁር። የራሱም ቀለም ይለያል፤ የሱቲ ቡናማ ነው፣ የዋይት አይድ ጠቆር ያለ። ወጣቶቹ ናቸው ሰው የሚያጣሉት፤ ቡናማ በቡናማ ስለሆኑ። ያኔም ምንቃር ነው፦ ሙሉ ጥቁርና ቀጭን ከሆነ ዋይት አይድ፣ ሥሩ ግራጫ ሆኖ ጫፉ ብቻ ከጠቆረ ሱቲ።

ጥቁር ፔትሬል ብታዩ (ጁአኒን የሚባለው፣ ሶቆጥራ ላይ የሚፈለፍለው) ከወጅ ቴይልድ ሺርዋተር ጋር ይምታታል። የጁአኒን ምንቃር አጭርና ወፍራም፣ የሺርዋተሩ ረጅምና ቀጭን። ከ200 ሜትር በላይ ከሆነ ስም አትስጡት፣ "ጥቁር ፔትሬል ወይም ሺርዋተር" ብላችሁ ጻፉት። ፐርሺያን ሺርዋተር ላይ ግን ችግር የለም፤ ከላይ ጥቁር ቡናማ፣ ከታች ነጭ፣ ክንፉን ፈጠን ፈጠን አድርጎ መትቶ ይንሳፈፋል።

ሐይቅ ዳር
ከመሄዳችሁ በፊት ግማሽ ቀን እዚሁ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይዛችሁ ተለማመዱ። 23 ካሬ ኪ.ሜ. ገደማ ውሃ ነው፣ ጥልቀቱም 88 ሜትር ይደርሳል፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ ለመለማመጃ በቂ ማዕበል ይሰጣል። በሚንቀሳቀስ ጀልባ ላይ ቆሞ፣ ጉልበት ለቀቅ አድርጎ፣ ክርን ደረት ላይ አስደግፎ ቢኖኩላር መያዝን የሚማሩት እዚህ ነው። የሰዓት ገበታውንም ኩቱ (ጥቁሩ የውሃ ወፍ)፣ ዳክዬውና ከውሃው ላይ የሚወረወረው ፓይድ ኪንግፊሸር ላይ ሞክሩት። ከጥቅምት ወዲህ ከሆነ ሾቨለርና ፒንቴይል የሚባሉ ዳክዬዎች ከአውሮፓና ከእስያ ገብተው ታገኛላችሁ፤ ነጭ ክንፍ ተርኑም ሲያልፍ ከተገኘ ለባሕሩ ተርን ዓይን ማሟሻ ነው። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ደንገሉን አትጠጉ፣ ጎጆ አለ፣ ገዳሙም ጸጥታ ይፈልጋል። ማሳሰቢያ፦ አንጀቱንና ዘይቱን እዚህ እንዳትሞክሩ! መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፣ የጣላችሁት እዚያው ይቀራል።

ቦርከና ማዶ
አብሽሩ፣ ሐይቅ ላይ ፈንዲሻም አንጥልም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ያየነውን እንዴት እንመዝግብ? ኢበርድ (ያዩትን ወፍ መመዝገቢያ የስልክ መተግበሪያ) አለን፣ ኢንተርኔት ግን ባሕር ላይ አይኖርም።

ሙጋድ
የጅቡቲን የወፍ ዝርዝር ማታ ሆቴል ሆናችሁ ስልኩ ላይ አውርዱት፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ቀኑን በአንድ ዝርዝር አትጻፉት፤ ለባሕር ጉዞ ኢበርድ የሚመክረው በየሰዓቱ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ዘግቶ አዲስ መክፈት ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ኪ.ሜ. ልትሄዱ ትችላላችሁ፣ ወፏ የት እንደታየች ይጠፋል። አንድ ሰው ብቻ ይጻፍ፣ የማያጥወለውለው። ሌላው ቁጥር ይጥራ። ስልኩ ባሕር ላይ ቀን ሙሉ ጂፒኤስ ከፍቶ ባትሪው አይዘልቅም፤ ፓወር ባንክ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልሉ፣ እርሳስና ደብተርም ይኑር፣ እስክሪብቶ እርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም።

የባቲ ሰኞ
ደብተሩ ላይ የፈረንጅ ሰዓት ወይም የእኛን አንዱን መርጣችሁ ጻፉ፣ አትቀላቅሉ። ቀብድ ደግሞ ከሲሶ በላይ አትስጡ፤ ቀሪው ወደብ ስትመለሱ።